ለቫይረስ የሳንባ ሕመም ፀረ ብግነት መድኃኒት፦ የትኛው፣ ለማን፣ በስንተኛው ቀን?

ክረምት ጠንቶ ዝናቡ ሲያያዝ ጅማ ላይ ሳልና ትኩሳት ከቤት ቤት ይዞራል። ከሂርማታ እስከ ቆጪ ባሉ መድኃኒት ቤቶች የሚሰማው ጥያቄም ያው ነው፦ «ጠንከር ያለ የለም?» ጠንከር ያለ ተብለው ከመደርደሪያ የሚወርዱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፀረ ብግነት የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው፤ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ አንዳንዴም ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን። አራቱም ትኩሳት ያበርዳሉ፤ አራቱም የተሰባበረ ሰውነት ያቀላሉ። ስለዚህ ለታማሚው አንድ ይመስሉታል።

ልዩነታቸው ግን የሞትና የሕይወት ያህል ሊሆን ይችላል። ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን የሚያስፈልገውን የኮቪድ ሕመምተኛ ከሞት እንደሚያድን በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ተረጋግጧል። ይኸው መድኃኒት ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሲሰጥ ጥቅም አላሳየም፤ በኢንፍሉዌንዛ ደግሞ እንዳይሰጥ ይመከራል። ኢቡፕሮፌን በበኩሉ ሕመም ያስታግሳል እንጂ የሳንባውን ጉዳት አይመልስም። እዚህ መድኃኒቶቹን የምናነጻጽረው በሦስት ጥያቄ ነው፦ ቫይረሱ የትኛው ነው? ሕመሙ ስንተኛ ቀኑን ይዟል? የደም ኦክስጅኑ ስንት ነው? ከሦስቱ የመጨረሻው ይበልጣል።

ብግነት መቼ ይጠቅማል፣ መቼ ይጎዳል

ቫይረስ የመተንፈሻ አካል ውስጥ ሲገባ ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱና የጉሮሮው መቅላት የሚመጡት በአብዛኛው ብግነት ከሚባለው የሰውነት መልስ ነው። ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፣ ቫይረሱን ያጠፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ መልስ የታማሚው ወገን ነው። አብዛኛው ሰውም የሚድነው በዚሁ ነው።

በኮቪድ ጥቂት ሰዎች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከሰባተኛው እስከ ዐሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ የቫይረሱ ብዛት እየቀነሰ እያለ መልሱ ግን ልጓም ያጣል። የሳንባ የአየር ከረጢቶች በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ኦክስጅን ወደ ደም አይሻገርም። ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት፣ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ዴክሳሜታዞን የሰውነትን መልስ በሙሉ ስለሚያዳክም ቀድሞ ሲሰጥ ገና ሥራውን ያልጨረሰውን መከላከያ ያስራል። ዘግይቶ፣ ኦክስጅን መውረድ ሲጀምር ሲሰጥ ግን ሳንባውን ከራሱ ሰውነት ያድነዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ቀኑ ነው።

መጀመሪያ መለካት

ከማንኛውም ምርጫ በፊት የደም ኦክስጅን የሚለካው፣ በጣት የሚሰካው ኦክስሜትር ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያዎች ላይ አለ፤ አንዳንድ መድኃኒት ቤቶችም ይሸጡታል። ቁጥሩ ትክክል የሚሆነው ግን አለካኩ ትክክል ሲሆን ነው። ታማሚው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ። በዝናብ መጥቶ እጁ ከቀዘቀዘ እጁን እያሹ ያሙቁለት፤ በቀዘቀዘ ጣት ላይ ደም በደንብ ስለማይዘዋወር መሣሪያው ዝቅ ያለ ወይም የሚዋልል ቁጥር ያሳያል። የጥፍር ቀለም ይነሳ። ጥፍር ላይ የጠቆረ ሂና ካለ ሂና ያልነካው ጣት ይፈለግ፤ ሁሉም ጣት ላይ ካለ የእግር ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ይሞከር፣ ለጆሮ የተሠራ መሣሪያ ከተገኘ። ከዚያ ቁጥሩ እስኪረጋ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይጠበቅ። መጀመሪያ ብልጭ ያለውን ቁጥር መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ጤነኛ ሰው እዚህ ከባሕር ዳርቻ ሰው አንድ ሁለት ነጥብ ዝቅ ቢል አያስደነግጥም፤ ከፍ ካለው የዴዶ ደጋ የመጣ ደግሞ በአገሩ ከዚህም ዝቅ ሊል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን «ከባድ» የሚለው ኦክስጅኑ ያለ እገዛ ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ነው። 90 እና 91 ላይ ያለ ሰው ግን አምልጧል ማለት አይቻልም፤ በየሰዓቱ እየወረደ ከሆነ ጉዞው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው። በተጨማሪም መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ኦክስሜትሩ ከ92 እስከ 96 እያሳየ በደም ወሳጅ ምርመራ ግን ከ88 በታች የተገኘው በጥቁር ሕሙማን 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ እዚህ 92 አይተን «ደህና ነው» ብለን ከመሸኘታችን በፊት የታማሚውን አተነፋፈስ እንቁጠር። አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ30 በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካቃተው፣ ቁጥሩ ምንም ይበል ከባድ ነው።

ዕረፍት ላይ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ጥርጣሬ ላለበት ሰው አንድ ቀላል ፈተና አለ፦ ለአንድ ደቂቃ ከወንበር እየተነሳ ይቀመጥ። ኦክስጅኑ ሦስት ነጥብና ከዚያ በላይ ከወረደ ሳንባው እየተነካ ነውና ወደ ቤት አይሸኝ። ይህ ፈተና ዕረፍት ላይ ቁጥሩ ዝቅ ላለበት ሰው አይሠራም፤ ይጎዳዋል።

ሌላው ቀድሞ የሚጠራው ወባ ነው። በጊቤ ተፋሰስ ቆላ ሰፈሮች ላሉና ከዚያ ለመጡ ሰዎች ትኩሳትና ራስ ምታት «ጉንፋን ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ጠብታ ደም ወስዶ በፈጣን መመርመሪያ ወይም በማይክሮስኮፕ ማየት ደቂቃዎች ይፈጃል። ፀረ ብግነት ትኩሳቱን አጥፍቶ ወባውን ይደብቃል፤ ዴክሳሜታዞን ደግሞ አንጎል ላይ ለወጣ ወባ እንደሚጎዳ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው።

ቤት ለሚታከም፦ ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌን ወይስ ዲክሎፌናክ?

ኦክስጅኑ ደህና የሆነ፣ የሚበላና የሚጠጣ ሰው የሚፈልገው እፎይታ ነው። ለዚህ የኛ የመጀመሪያ ምርጫ ፓራሲታሞል ነው። አዋቂ ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳያልፍ ይውሰድ፤ ሰውነቱ የከሳ፣ ምግብ ያልቀመሰ ወይም አረቄ የሚያዘወትር ሰው ከዚህ በጣም ዝቅ ማለት አለበት። ፓራሲታሞል በትክክለኛው ትርጉም ፀረ ብግነት አይደለም፤ ጨጓራና ኩላሊት ላይ የማይከብደው ለዚህ ነው። የሚበላሽበት መንገድ አንድ ነው፦ ድርብርብ። ለጉንፋን ተብለው የሚሸጡ ብዙ ድብልቅ ክኒኖች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። እነሱን ከተራው ፓራሲታሞል ጋር የዋጠ ሰው ሳያውቀው ጉበቱን ይጎዳል። የማሸጊያውን ጀርባ ማንበብ ይህን ያድናል።

ኢቡፕሮፌን ለቁርጥማትና ለጉሮሮ ሕመም ከፓራሲታሞል ሊሻል ይችላል። አዋቂ 400 ሚሊግራም በየስምንት ሰዓቱ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1,200 ሚሊግራም ሳያልፍ ይውሰድ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጤና ሚኒስትር ኢቡፕሮፌን ኮቪድን ሊያባብስ ይችላል ብለው ሲያስጠነቅቁ ወሬው እዚህም ደርሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በቀናት ውስጥ መድኃኒቱን የሚከለክል ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ያን ስጋት አልደገፉም። ሆኖም የሚፈራው ነገር ሌላ ነው፤ ጨጓራና ኩላሊት።

እዚህ ላይ የጅማን ኑሮ ማየት ይገባል። ትኩሳት ይዞት ከምግብ የተጣላ ሰው፣ ከሰዓት ደግሞ ጫት ይዞ የተቀመጠ፣ ሆዱ ባዶ ነው፤ የጠጣው ውኃም ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ኢቡፕሮፌን ሲጨመርበት ጨጓራው ይላጣል። ኩላሊቱ ደግሞ በድርቀት ጊዜ ደም እንዲደርሰው የሚረዳውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይነጠቃል። ስለዚህ ኢቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ፣ ከብዙ ውኃ ጋር ይሁን፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ላለበት አይሰጥ። የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የልብ ድካም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ እንዲሁም ኢናላፕሪልን ሽንት ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ለግፊት የሚወስድ ሰው ጨርሶ ይተወው። ነፍሰ ጡር ከአምስት ወር በኋላ አትወስደውም።

ዲክሎፌናክ መርፌ ግን ለጉንፋን ምንም ቦታ የለውም ብለን በግልጽ እንናገራለን። የኢቡፕሮፌን ዘመድ ነው፤ ጉዳቱም የዚያው ነው፣ ልብ ላይ ደግሞ ይብሳል። በመርፌ መሆኑ አያጠነክረውም፤ የሚጨምረው መቀመጫ ላይ ቦታውን ስቶ የገባ መርፌ የእግር ነርቭ የመምታት አደጋን ነው። አስፕሪንም ለልጆች ክልክል ነው፤ በኢንፍሉዌንዛና በጉድፍ ጊዜ ለልጅ ሲሰጥ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ ራይ ሲንድረም የተባለ ክፉ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ለአዋቂ የኮቪድ ሕሙማን ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 15 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ሟቾች በሁለቱም ወገን 17 በመቶ ሆኑ፤ ሞት አልቀነሰም።

ልጆች ላይ የሚሳሳተው ሚዛኑ ነው። ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም በመሆኑ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ይሆናል፤ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም የያዘ ሽሮፕ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ኢቡፕሮፌን በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ዕድሜው ከሦስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ብቻ። የቤት ማንኪያ መጠኑ ይለያያል፤ መለኪያ ስሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ይጠየቅ።

ዴክሳሜታዞን፦ ቁጥሮቹ የሚሉት

በሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ሪከቨሪ የተባለ ጥናት ውጤቱን አሳወቀ። ሆስፒታል የተኙ የኮቪድ ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ፤ 2,104 ሰዎች በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን እስከ ዐሥር ቀን ተሰጣቸው፣ 4,321ዱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። በ28 ቀን ውስጥ የሞተውን ቆጠሩ። በአጠቃላይ ሲታይ መድኃኒቱን ካገኙት 22.9 በመቶ፣ ካላገኙት 25.7 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገሩ የሚገለጠው ሕሙማኑ በደረጃ ሲለዩ ነው።

በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት መካከል ያለ መድኃኒቱ 41.4 በመቶ ሞቱ፣ ከመድኃኒቱ ጋር 29.3 በመቶ። ማለትም ስምንት ያህል ሰው ሲታከም አንድ ሕይወት ይተርፋል። ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው ከነበሩት 26.2 በመቶ ወደ 23.3 በመቶ ወረደ፤ በዚህ ጥሬ ቁጥር ሲሰላ በግምት ሠላሳ አራት ሰው ታክሞ አንድ ይተርፋል። ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው ግን መድኃኒቱን ያገኙት 17.8 በመቶ ሲሞቱ ያላገኙት 14.0 በመቶ ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ስለሆነ «ገድሏል» ብሎ መደምደም አይቻልም። ጥቅም እንደሌለው ግን ያሳያል፤ ወደ ጉዳት ያዘነበለ ነገርን ደግሞ ለጤነኛ ሳንባ የሚሰጥበት ምክንያት የለም። ጥቅሙ ጎልቶ የታየውም ሕመማቸው ከሰባት ቀን በላይ በሆናቸው ላይ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ያወጣው ምክር ከዚሁ የመጣ ነው፦ ከባድና እጅግ ከባድ ኮቪድ ላለበት ይሰጥ፣ ቀላል ለሆነበት አይሰጥ።

«6 ከጠቀመ 20 ይበልጥ አይጠቅምም?» የሚለው ጥያቄም ተፈትኗል። ይኸው ሪከቨሪ በማሽን ላይ ላልነበሩ ሕሙማን 20 ሚሊግራም ለአምስት ቀን፣ ከዚያ 10 ሚሊግራም ለሌላ አምስት ቀን ሰጥቶ ከተለመደው መጠን ጋር አነጻጸረ። በከፍተኛው መጠን 19 በመቶ ሞቱ፣ በተለመደው 12 በመቶ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። መጠን መጨመር እዚህ ሰው ይገድላል፤ ታማሚው አልሻለውም ብሎ መጠኑን እጥፍ የሚያደርግ ባለሙያ ይህን ቁጥር ቢያስታውስ ደግ ነው።

አሰጣጡ

በብዛት የሚገኘው ብልቃጥ በ1 ሚሊ ሊትር 4 ሚሊግራም የያዘ ነው፤ 6 ሚሊግራም ማለት 1.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ተኩል ብልቃጥ። ባለ 2 ሚሊ ሊትር ብልቃጥም ስላለ «አንድ ብልቃጥ ወጋሁት» የሚል ማስታወሻ መጠኑን አይናገርም፤ በሚሊግራም ይጻፍ። ክኒኑ ባለ 0.5 ሚሊግራም ከሆነ 12 ፍሬ ይሆናል። ይህን ሲያይ የሚደነግጥ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ቀድሞ ማስረዳት ይገባል። መዋጥ ለሚችል ሰው ክኒኑ እንደ መርፌው ያገለግላል። ጠዋት ይሰጥ፤ ማታ የተሰጠ ዴክሳሜታዞን እንቅልፍ ይነሳል፣ አዛውንትንም ያወናብዳል።

ዴክሳሜታዞን ከጠፋ ተተኪ አለ፦ ፕሬድኒሶሎን በቀን 40 ሚሊግራም፣ ባለ 5 ሚሊግራም ክኒን ከሆነ ስምንት ፍሬ፤ ወይም ሃይድሮኮርቲዞን 50 ሚሊግራም በየስምንት ሰዓቱ በደም ሥር። ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይወሰዳል፤ ታማሚው ቀድሞ ከዳነና ከሆስፒታል ከወጣ በዚያው ይቆማል። ለዚህ አጭር ጊዜ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልግም። ከዚህ ቀደም ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ስቴሮይድ ለወራት ሲወስድ የኖረ ሰው ግን በድንገት አይቆምበትም።

ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ዴክሳሜታዞን ኦክስጅንን አይተካም። ጤና ጣቢያ ላይ 86 ያነበበ የኮቪድ ሕመምተኛ የመጀመሪያውን መጠን ወስዶ፣ ኦክስጅን እየተሰጠው ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መላክ አለበት። በማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ያለ ኦክስጅንና ከኦክስጅን ጋር የተነበበው ቁጥር፣ ስቴሮይዱ የተሰጠበት ሰዓትና መጠን ይስፈር። ይህ ካልተጻፈ ተቀባዩ ክፍል ሌላ መጠን ይደግማል።

ከስቴሮይድ በፊት በኛ አገር የሚታዩ ሦስት ነገሮች

የእንግሊዙ ጥናት የተሠራው ትልና ሳንባ ነቀርሳ ብዙ ችግር ባልሆኑበት አገር ነው። ጅማ ላይ ሲሆን የሚጨመር ሥራ አለ።

አንደኛው ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል ነው። ከረጠበ አፈር በባዶ እግር ቆዳ ይገባል፤ ራሱን ሰው ውስጥ እያባዛ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ይኖራል። ስቴሮይድ ሲሰጥ የሚይዘው ያጣና በገፍ ይራባል፤ የአንጀት ግድግዳ በስቶ ሳንባና ደም ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያም ይዞ ይሄዳል። ይህ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ ሐኪሙም «ኮቪዱ ከፋበት» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በተራ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ «ሰገራው ንጹሕ ነው» ብሎ መዝናናት አይበቃም። በእርሻና በቡና ለቀማ ላይ በባዶ እግር ለኖረ ሰው ስቴሮይድ ሲጀመር አብሮ ኢቨርሜክቲን፣ በኪሎ 200 ማይክሮግራም፣ ለ60 ኪሎ ሰው 12 ሚሊግራም መስጠት ምክንያታዊ ነው። የተለመደው 400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል አንዴ መዋጥ ለዚህ ትል ደካማ ነው። ኢቨርሜክቲን ራሱ ኮቪድን አያክምም፤ እዚህ የሚሰጠው ለትሉ ብቻ ነው። ሁለቱን ነገር መቀላቀል ብዙ ሰው አሳስቷል።

ሁለተኛው ሳንባ ነቀርሳ ነው። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ ማታ የሚያልበው፣ የከሳ ሰው አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የምርመራ መሣሪያ ይመርመር። ስቴሮይድ ትኩሳቱንና ላቡን አጥፍቶ ለጥቂት ቀን የዳነ ያስመስለዋል፤ በሽታው ግን ይስፋፋል፣ ቤተሰብም ይያዛል።

ሦስተኛው ስኳር ነው። ጠዋት የተወሰደ ዴክሳሜታዞን ስኳርን ይበልጥ የሚሰቅለው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆድ የተለካ ቁጥር ጥሩ ቢሆንም ያታልላል፤ ከምሳ በኋላ ወይም ከእራት በፊት መለካት የግድ ነው። በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ እየደጋገመ ከመጣ ኢንሱሊን ያስፈልጋል። ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ሰው በዚህ ሳምንት ሊገለጥበት ይችላል። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥቁር ፈንገስ የተባለው የዓይንና የአፍንጫ በሽታ የበዛው ስኳራቸውን ባልተቆጣጠሩና ስቴሮይድ በወሰዱ ሕሙማን ላይ ነበር።

ቫይረሱ ሲለይ መልሱም ይለያል

ኮቪድ ላይ የሠራ ነገር ሁሉም ቫይረስ ላይ ይሠራል ብሎ ማሰብ ትልቁ ወጥመድ ነው። ለከባድ ኢንፍሉዌንዛ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ስቴሮይድ እንዳይሰጥ መክሯል። ክትትል የተደረገባቸው ጥናቶች ስቴሮይድ የወሰዱት ላይ ብዙ ሞት አሳይተዋል፤ በዕጣ የተመደበ ትልቅ ጥናት ስለሌለ ማስረጃው ደካማ ቢሆንም፣ ጥቅሙ ባልታየበት ቦታ አደጋውን መውሰድ አይገባም። ኮቪድና ኢንፍሉዌንዛ በምልክት አይለዩም፤ ለከባድ ሕመምተኛ ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሕፃናት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ድምፁ እንደ ውሻ የሚጮህ ሳል ያለው፣ አየር ሲስብ ጉሮሮው ድምፅ የሚያሰማ ልጅ ክሩፕ ይዞት ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን፣ በኪሎ ከ0.15 እስከ 0.6 ሚሊግራም፣ በሰዓታት ውስጥ ያቀለዋል፤ ኦክስጅኑ እስኪወርድ መጠበቅ የለም። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ትንንሽ የአየር ቧንቧዎቹ ተቆጥተው ሲያፏጭ፣ ማለትም ብሮንኪዮላይተስ ሲይዘው ደግሞ ያው መድኃኒት ምንም አይረዳም። እዚያ የሚረዳው አፍንጫ ማጽዳት፣ ጡት በትንሽ በትንሹ ማጥባትና ኦክስጅን ነው። እናት «ለጎረቤቴ ልጅ ሠራለት» ብላ ስትጠይቅ ይህን ልዩነት በትዕግሥት ማስረዳት ያስፈልጋል።

የሚወራላቸው ሌሎች፣ እና ወሬን እንዴት መመዘን እንደሚቻል

ኮልቺሲን የሪህ መድኃኒት ነው፤ ብግነትን ይቀንሳል፣ ርካሽም ነው። በካናዳ የሚመራ ጥናት 4,488 ሰዎችን ቤታቸው ሆነው ፈተነ፤ ሆስፒታል የገባ ወይም የሞተ ኮልቺሲን ከወሰዱት 4.7 በመቶ፣ ካልወሰዱት 5.8 በመቶ ሆነ፤ ልዩነቱ አጋጣሚን የሚያስወግድ አልነበረም። ተቅማጥ ግን 13.7 ለ7.3 በመቶ። ከዚያ ሪከቨሪ በ11,340 ሕሙማን ላይ ሞክሮ ሞቱ በሁለቱም ወገን 21 በመቶ ሆነ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከባድ ላልሆነ ኮቪድ አይስጡ ብሏል።

የኢቡፕሮፌን ዘመድ የሆነው ኢንዶሜታሲን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚያስገርም ውጤት ተጠቅሶለታል። ሕንድ ውስጥ 210 ሕሙማን ተከፍለው፣ ፓራሲታሞል ከወሰዱት 107 ሰዎች 20ዎቹ ኦክስጅናቸው 93ና ከዚያ በታች ሲወርድ ኢንዶሜታሲን ከወሰዱት 103 አንድም አልወረደም። ለሚጓጓ ሰው ይህ ይበቃዋል። በጥንቃቄ ለሚያነብ ግን ሦስት ጥያቄ ያስነሳል። አንደኛ፣ ሐኪሙም ታማሚውም ማን ምን እንደሚወስድ ያውቁ ነበር፤ የኦክስሜትር ንባብ ደግሞ ከላይ እንዳየነው በአለካክ የሚለዋወጥ ነው። ሁለተኛ፣ የተለካው የቁጥር መውረድ እንጂ ሞት አልነበረም። ሦስተኛ፣ ሃያ ለዜሮ የሚሆን ልዩነት በሕክምና ውስጥ ብርቅ ነው፤ ትንሽ ጥናት ላይ እንዲህ የጎላ ውጤት በትልቁ ሲደገም አብዛኛውን ጊዜ ይሟሽሻል። ይህ ማስረጃ ኢንዶሜታሲን በትልቅ ጥናት እንዲፈተን ምክንያት ይሆናል እንጂ መድኃኒት ቤት ላይ እንዲሸጥ አያበቃም፤ ጨጓራን በማቁሰል ከኢቡፕሮፌን የከፋ ነው።

በአፍ የሚነፋው ቡዴሶናይድ የተባለ ስቴሮይድ መካከለኛ ቦታ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቤታቸው ሆነው በቀን ሁለት ጊዜ 800 ማይክሮግራም ለ14 ቀን ሲነፉ ሦስት ቀን ያህል ቀድመው ተሻላቸው፤ ሆስፒታል መግባትንና ሞትን መቀነሱ ግን በእርግጠኝነት አልታየም። አስም ያለበት የራሱን መንፊያ አያቋርጥ። ሌላው ሰው ለሦስት ቀን ብሎ ገንዘቡን ባያፈስበት እንመርጣለን።

ቶሲሊዙማብና ባሪሲቲኒብ ብግነትን የሚገቱ የሆስፒታል መድኃኒቶች ናቸው፤ ከዴክሳሜታዞን ላይ ተጨምረው እንጂ በምትኩ አይሰጡም። ቶሲሊዙማብ ሲአርፒ የተባለው የብግነት ምልክት 75ና ከዚያ በላይ በሆነና ኦክስጅናቸው በወረደ ሕሙማን ላይ ሞትን ከ35 ወደ 31 በመቶ አውርዷል፤ ማቀዝቀዣና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ባሪሲቲኒብ በቀን 4 ሚሊግራም የሚዋጥ ክኒን ሲሆን ከ14 ወደ 12 በመቶ አውርዷል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል። ከተገኙና ታማሚው ዴክሳሜታዞን እየወሰደ እያሽቆለቆለ ከሆነ ስለ ሁለቱ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ታማሚው ድኖ ወደ ቤት ሲሄድ የዴክሳሜታዞን ክኒን ተርፎ ከሆነ ወደ መድኃኒት ቤቱ ይመለስ፤ ሳል ለያዘው ቤተሰብ አይከፋፈል። ስኳር ሕመም ያለበት ከሆነ መድኃኒቱ ካቆመ በኋላም ለሁለት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ይለካ፤ በሆስፒታል የተጨመረለት ኢንሱሊን ስቴሮይዱ ከሰውነቱ ሲወጣ ስለሚበዛበት መጠኑ ካልተቀነሰ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።